ሒሳብን በኮምዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ መግባት፦ ካልኩለስ ዋንን ልዝለለው ወይስ ልድገመው?

የፓርኪንግ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ ወገኖች፣ ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ሜሪላንድ ነው ምኖረው፣ ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ 1 ዓመት ከ7 ወር ሆነኝ፣ ዕድሜዬ 25 ነው። አገር ቤት ሒሳብ ዲፓርትመንት 2ኛ ዓመት ደርሼ ነበር፣ ከዛ ትምህርቱ ተቋረጠ፣ ቀጥሎ ዲቪው መጣና በዛው ሳልጨርሰው ቀረ። አሁን ማታ ማታ ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ። ከመሸ በኋላ መኪና ስለማይበዛ የድሮውን የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ስልኬ ላይ ጭኜ ጥያቄዎቹን በደብተር አንድ በአንድ እየሰራሁ ነው፣ እና እውነቴን ነው ምላችሁ እዚህ አገር ከመጣሁ ልቤ ያረፈበት ሰዓት ቢኖር እዛች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ኢንተግራል ስሰራ ነው።

መማር ምፈልገው ሒሳብ ነው። ኢንጂነሪንግም አካውንቲንግም አይደለም፣ ሒሳብ ራሱን። አክስቴ ቤት ነው ምኖረው፣ እሷ ነርሲንግ ግባና ቶሎ ራስህን ቻል ትለኛለች፣ ለኔ አስባ እንደሆነ አውቃለሁ አልፈርድባትም፣ ግን ሒሳብ ተምሮ ምን ይኮናል ስትለኝ ምመልስላት የለኝም።

አሁን በመጪው ሴሚስተር ኮምዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመቱን ኮሌጅ) ልጀምር ነው፣ ከዛ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ትራንስፈር ማድረግ ነው ሐሳቤ። ፕሌስመንት ቴስቱን ተፈትኜ ካልኩለስ ዋን መግባት ትችላለህ አሉኝ። ችግሩ ካልኩለስ ዋንን አገር ቤት ሁለቴ ተምሬዋለሁ፣ አንዴ 12ኛ ክፍል አንዴ ዩኒቨርሲቲ 1ኛ ዓመት። ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንተግራል፣ ሁሉንም። ዘልዬ ካልኩለስ ቱ ልግባ ወይስ ልድገመው? አድቫይዘሯ ደግሞ መጀመሪያ ኢንግሊሽና ሂስትሪ ምናምን ጄኔራል ኤጁኬሽኑን ጨርስ፣ ሒሳቡ ይደርሳል አለችኝ፣ ይሄስ ልክ ነው? ከኮምዩኒቲ ኮሌጅ ተነስቶስ የእውነት ሒሳብ የተማረ አበሻ እዚህ ቤት አለ? ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የኮሌጅ_ፓርክ_ተማሪ፦

ሰላም ወንድሜ። አለ፣ እኔ አለሁ። ኮምዩኒቲ ኮሌጅ 2 ዓመት ተኩል ተምሬ ኮሌጅ ፓርክ ገባሁ፣ አሁን የመጨረሻ ዓመቴ ነው ሒሳብ ሜጀር።

ከአድቫይዘሯ ልጀምርልህ፣ እኔንም ጄኔራል ኤጁኬሽኑን ቀድሞ ያስጨረሰኝ እሱ ምክር ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ሒሳቡ ይደርሳል ሚባል ነገር የለም፣ ሒሳብ ሰንሰለት ነው። ካልኩለስ ዋን ካላለፍክ ቱ አትገባም፣ ቱ ካላለፍክ ካልኩለስ ስሪ የለም ሊኒየር አልጀብራ የለም ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን የለም። ሂስትሪን በማንኛውም ሴሚስተር መውሰድ ትችላለህ፣ ሒሳቡን ግን አንድ ሴሚስተር ባስቀረህ ቁጥር ጠቅላላ ሰንሰለቱ አንድ ሴሚስተር ይገፋል። ደግሞ ላይኛዎቹ ክላሶች ብዙ ተማሪ ስለሌላቸው አንድ ሴክሽን ብቻ ነው ሚከፈተው፣ እሱም ቀን ነው ወይም ተማሪ አነሰ ተብሎ ይሰረዛል፣ ማታ ለሚሰራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የኔ ኮሌጅ ሊኒየር አልጀብራውን ክላስ ሊጀመር 1 ሳምንት ሲቀረው ሰረዘብኝ፣ 5 ወር ጠበቅኩ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ በየሴሚስተሩ አንድ ሒሳብ አይጥፋ።

እንደውም ከቻልክ ሁለት ሦስት ጄኔራል ኤጁኬሽን ለዩኒቨርሲቲው አስቀር። እኔ ሁሉንም ጨርሼ ነው የሄድኩት፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ። ከዛ እዛ ስደርስ የቀረኝ ሒሳብ ብቻ ሆነ፣ በአንድ ሴሚስተር 4 የሒሳብ ክላስ፣ ሁሉም ፕሩፍ፣ ማለትም የሒሳብ ማረጋገጫ መጻፍ፣ ሚጠይቁ። ማታ ቁጭ ስል ከአንዱ ወደ አንዱ ስዞር ጭንቅላቴ ሚያርፍበት የለም፣ አንድ የታሪክ ንባብ እንኳን ቢኖር እንዴት እንደምወደው።

ኮርሶቹን በተመለከተ ሜሪላንድ ውስጥ አርትሲስ ሚባል ዌብሳይት አለ፣ የትኛው የኮምዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ የዩኒቨርሲቲው የትኛው ኮርስ እንደሚሆን አንድ በአንድ ያሳይሃል። ለምሳሌ ሞንጎመሪ ኮሌጅ 181ና 182 ካልኩለስ ዋንና ቱ ናቸው፣ ኮሌጅ ፓርክ ሲሄዱ 140ና 141 ይሆናሉ። 280 ካልኩለስ ስሪ ነው፣ 241 ይሆናል። 284 ሊኒየር አልጀብራ 240 ይሆናል፣ 282 ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን 246። እነዚህን አምስቱን ይዘህ ከሄድክ መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ 310 ትገባለህ፣ እሱ ፕሩፍ አጻጻፍ ሚያስተምረው ነው፣ ከዛ በኋላ ነው 410 አድቫንስድ ካልኩለስና አብስትራክት አልጀብራ ሚከፈትልህ። ሊኒየር አልጀብራ ሳትይዝ ከሄድክ ግን በ2 ዓመት መጨረስ ይከብዳል፣ ፋይናንሻል ኤይዱ ደግሞ አይጠብቅህም። አድቫይዘር ሚልህን ስማ ግን አርትሲስ ላይ ራስህ ሳታይ ምንም ኮርስ አትመዝገብ። ጂፒኤህ አብሮህ አይሄድም፣ ሚሄደው ክሬዲቱ ነው፣ ግን ለመግባት ሚያዩት ያንኑ ጂፒኤ ስለሆነ ይደርሳል እንዳትል።

ካልኩለስ ዋንን ስለመዝለል፣ እኔ ዘልዬ ነበር። ካልኩለስ ቱ ላይ ኢንተግራሉን በደንብ ሄድኩበት፣ ሲሪየስ፣ ያ ማለቂያ የሌለው የቁጥሮች ድምር፣ ሲመጣ ግን ሊሚት እንደማውቀው እንዳልነበረ ገባኝ። በሲ ነው ያለፍኩት። ያቺ ሲ እስከዛሬ ትቆጨኛለች።

ነርስ_እናት፦

የፓርኪንግ ልጅ ሰላም ነህ ወንድሜ? እኔ ነርስ ነኝ፣ ግን ነርሲንግ ግባ አልልህም። ነርሲንግ ራሱ ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ሚማረው አይደለም፣ አብረውኝ ጀምረው የተዉትን አይቻለሁ። አክስትህ ግን ሒሳብ ተምሮ ምን ይኮናል ስትልህ መልስ አለው፦ ሃይስኩል አስተማሪ፣ አክቹዋሪ ሚባሉት የኢንሹራንስ ሒሳብ ሚሰሩት፣ ዳታ ላይ ሚሰሩት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች። ሴንሰስ ቢሮ፣ የሕዝብ ቆጠራው መሥሪያ ቤት፣ እኮ ሱትላንድ ነው ያለው፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሒሳብና ስታቲስቲክስ ለተማረ ሰው ሥራ አለው። ዝርዝሩን ይዘህ አናግራት እንጂ ዝም አትበላት፣ ዝም ስትል ያላሰብክበት ይመስላታል።

እኔ ልነግርህ የፈለግኩት የገንዘቡን ነው፣ ሜጀር ቀይሬ ስለነበር በደንብ ተምሬዋለሁ። ፋፍሳውን፣ የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻውን፣ ሙላ፣ ግሪን ካርድ ስላለህ ትችላለህ፣ 24 ስላለፈህ የወላጅ ገቢ አይጠይቁህም፣ አገር ቤት ያሉ ወላጆችህን ወረቀት ማሳደድ የለብህም። ፔል ግራንት ሚባለው የመንግሥት እርዳታ በ2025-26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፣ ማይመለስ ነው። ግን ሁለት ሦስት ነገር ልብ በል። አንደኛ ፔል በዕድሜህ ለ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው፣ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ላይ እየጎተትክ ከጨረስከው ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ፣ ክፍያው በሚወደድበት ሰዓት፣ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። ሌላው፣ ሚከፍሉልህ ፕሮግራምህ ውስጥ ላለ ኮርስ ነው፣ ይጠቅመኛል ብለህ ከፕሮግራምህ ውጪ የወሰድከው አይቆጠርልህም። ደግሞ ከባድ ሲሆን ዊዝድሮው አድርጎ መውጣት ቀላል ይመስላል ግን ስትወጣ ምትጻፍብህ ደብሊው ራሷ እንደ ሞከርከው ክሬዲት ትቆጠራለች፣ ከሞከርከው ክሬዲት 67 ፐርሰንቱን ማለፍ አለብህ፣ ጠቅላላው ደግሞ ከፕሮግራሙ 150 ፐርሰንት ማለፍ የለበትም፣ 60 ክሬዲት ከሆነ እስከ 90 ማለት ነው። የአገር ቤቱን ትራንስክሪፕት አስገምግመህ ኮሌጁ ከተቀበለውም እዛ ቁጥር ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ማይጠቅምህን ክሬዲት ሁሉ አምጥተህ አትከምር።

ማታ እየሰራህ የግድ 12 ክሬዲት፣ ማለትም ሙሉ ጊዜ፣ መያዝ አይጠበቅብህም። 9ም ሆነ 6 ብትይዝ ፔሉ በዛው ልክ ተቀንሶ ይሰጥሃል፣ አይቋረጥም። ብድሩን ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ላይ አትንካው፣ ፔሉ ከበቃህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

መምህሩ_ከቨርጂኒያ፦

ሰላም ልጄ። አገር ቤት 11 ዓመት ሃይስኩል ሒሳብ አስተምሬያለሁ፣ እዚህ ደግሞ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ በትርፍ ሰዓት አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ልንገርህ።

የኛ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ መጽሐፍ ደካማ አይደለም። የድሮውን ነው ምትሰራው ካልክ ሲኩዌንስና ሲሪየስ ይዞ ይጀምራል፣ ከዛ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ፣ አፕሊኬሽን፣ ኢንተግራል፣ ቬክተር፣ ምዕራፍ 7 ላይ ደግሞ የሒሳብ ማረጋገጫ አለ ኢንደክሽንን ጨምሮ። እዚህ አገር ብዙ ልጅ ሃይስኩል ሲጨርስ እሱን አላየም። ስለዚህ እውቀት የለህም አልልህም። ግን ማትሪኩ ምርጫ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። አንተ መልሱ ጋ በምንም መንገድ ድረስ፣ ከአማራጮቹ መልሰህ ተክተህም ቢሆን፣ ማንም አይጠይቅህም። እዚህ ነጥቡ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ብዙ አበሻ ልጅ መልሱን ትክክል አግኝቶ ከ10 4 ሲሰጠው በደለኝ ብሎ ይመጣል፣ ወረቀቱን ሳየው ሦስት መስመር ብቻ ነው፣ ሊሚቱ መሐል ላይ ጠፍቷል፣ እኩል ነው ሚለው ምልክት እኩል ባልሆኑ ነገሮች መሐል ተቀምጧል። ይሄ ማሳመሪያ እንዳይመስልህ። ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ ሒሳብ ማለት መጻፍ ነው፣ ይሄ ልማድ ያለው ልጅ ያልፋል የሌለው ይወድቃል፣ ማስላት ሁለቱም ይችላሉ።

ደግሞ ቋንቋው አለ። ዴሪቬቲቩን በ10 ሴኮንድ ሚሰራ ልጅ ሪሌትድ ሬትስ ላይ፣ ማለትም አብረው ሚለዋወጡ ነገሮችን ፍጥነት ሚያገናኘው ጥያቄ ላይ፣ ሲደርስ ይቆማል፣ ምክንያቱም ጥያቄው አንድ አንቀጽ እንግሊዝኛ ነው፣ ጋሎን ነው፣ ፊት ነው፣ ኢንች ነው፣ ውሃ ከታንከር ይፈሳል መሰላል ከግድግዳ ይንሸራተታል። ያንን ወደ ሒሳብ መቀየር ነው ፈተናው።

ሲሪየሱን የኮሌጅ ፓርኩ ልጅ ያነሳው እውነት ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥህ ማታ ሥራ ላይ አስብበት። 1 ሲደመር 1/2 ሲደመር 1/3 ሲደመር 1/4 እያልክ ብትቀጥል ሚደመረው ቁጥር እያነሰ እያነሰ ወደ ዜሮ ይሄዳል። ስለዚህ ድምሩ አንድ ቦታ ይቆማል ሚል ተማሪ ብዙ ነው፣ ካልኩሌተርም ያታልልሃል፣ የመጀመሪያውን 1 ሚሊዮን ብትደምር ገና 14.4 አካባቢ ነህ። ግን አይቆምም። 1/3ና 1/4ን ብትደምራቸው ከ1/2 ይበልጣሉ፣ ቀጣዮቹ አራቱ ከ1/5 እስከ 1/8 ድምራቸው ከ1/2 ይበልጣል፣ ቀጣዮቹ ስምንቱም እንደዛው፣ እና ግማሽ እየጨመርክ ማለቂያ የለህም። ኒኮል ኦሬም ሚባል ፈረንሳዊ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያገኘው ነው፣ ክፍልፋይ መደመር ብቻ ነው ሚፈልገው፣ ያኔ ካልኩለስ ራሱ ገና አልተፈጠረም ነበር። የእያንዳንዱ ክፍልፋይ የታችኛው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ 1/n² ቢሆን ኖሮ ግን፣ 1 ሲደመር 1/4 ሲደመር 1/9 እያልክ፣ ድምሩ ይቆማል። ልዩነቱ ለምን እንደሆነ በራስህ ቃል መጻፍ ከቻልክ ፕሩፍ ማለት ያ ነው፣ 310 ሚጠይቅህም እሱን ነው።

ስለዚህ ልዝለል አልዝለል ሚለውን ስሜት አይወስነው። የኮሌጁን የሒሳብ ዲፓርትመንት ወይም ቲውተሪንግ ሴንተሩን የድሮ የካልኩለስ ዋን ፋይናል ለምናቸው፣ ብዙዎቹ ይሰጣሉ። ስልክህን አጥፋ፣ 2 ሰዓት ያዝ፣ እያንዳንዷን መስመር ጽፈህ ስራው፣ ከዛ ሌላ ሰው እንዲያርመው አድርግ፣ ራስህ አታርመው። ከ85 በላይ ከሆነ ቱ ግባ። ከዛ በታች ከሆነ ዋንን ድገም፣ ደግመህም ኤ አምጣ። ከዘለልክ ደግሞ የዋን ክሬዲት ሳይኖርህ ዩኒቨርሲቲው እንዴት እንደሚያየው በኢሜይል ጠይቀህ በጽሑፍ አስቀር።

የሲያትሏ፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው ግን እርስዎ ጋ ሚመጡት የወደቁት ናቸው፣ እንደኔ ዘለው ያለፉትን አያዩዋቸውም። እኔ ዋንን ዘልዬ ነው የገባሁት፣ እዚህ ዋሽንግተን ስቴት ኮምዩኒቲ ኮሌጆቹ በኳርተር ናቸው፣ ክላሱ 10 ሳምንት አካባቢ ነው እና አንድ ሳምንት ካመለጠህ አለቀልህ፣ ግን ኤ ማይነስ ነው ያመጣሁት። ያውም ልጅ እያሳደግኩ። ምስጢሩ ዘለልኩ አልዘለልኩ አይደለም፣ ብቻዬን አለማጥናቴ ነው። አንዲት ሶማሌ ልጅና አንድ ቬትናማዊ ነበሩ፣ ከክላስ በፊት በየቀኑ 1 ሰዓት ቁጭ እንላለን፣ እያንዳንዳችን ማታ ሰርተን እንመጣለን ከዛ ለምን እንዲህ አረግክ እየተባባልን እንተራረማለን።

ዩሪ ትሪዝማን ሚባል የሒሳብ ሰው በ1970ዎቹ በርክሌይ ላይ ይሄንኑ አይቷል። ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ሲያጠና ስንፍና አልነበረም፣ የመሠረት ማነስም አልነበረም፣ ጠንክረው ነው ሚሰሩት፣ ግን ብቻቸውን ነው ሚያጠኑት። ቻይናውያኑ ግን መጀመሪያ ለየብቻ ይሰሩና ማታ ተሰብስበው ይተራረማሉ። ከዛ ተማሪዎቹን በቡድን ከባድ ጥያቄ ሚሰሩበት ወርክሾፕ አቋቋመ፣ ውጤታቸውም ተለወጠ። እኛ አበሾች ደግሞ አለማወቃችንን ሰው ፊት ማሳየት እንፈራለን፣ ስንት ልጅ ነው መኪና ውስጥ ብቻውን አልቅሶ ክላሱን የተወው።

እና ወንድሜ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ብቻህን መስራትህ ጥሩ ነው ግን አይበቃም።

የፓርኪንግ_ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንደዚህ ይመለስልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። 9 ቀን ቆይቼ ነው የተመለስኩት ምክንያቱም ጋሼ እንዳሉት ፋይናል ፈልጌ ተፈተንኩ። ቲውተሪንግ ሴንተሩ ሰጡኝ፣ እዛ ሚሰራው ልጅ አረመልኝ። 71። ዴሪቬቲቩና ኢንተግራሉ ላይ ምንም አልጎደለብኝም፣ ያጣሁት ሪሌትድ ሬትስ ላይና ሊሚትን በትርጉሙ አሳይ ሚለው ላይ ነው፣ እና ሦስት ጥያቄ ላይ መልሴ ልክ ሆኖ አጻጻፌ ነው የተቀነሰብኝ፣ ልክ እንዳሉት።

ስለዚህ ካልኩለስ ዋንን ተመዝግቤያለሁ፣ ከኢንግሊሽ ጋር፣ 2 ክላስ ብቻ። አርትሲስ ላይም አይቼዋለሁ፣ አክስቴንም ዝርዝሩን ይዤ አናገርኳት፣ አልተስማማችም ግን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ውጤት አሳየኝ አለች፣ ለኔ ይሄ ትልቅ ነው። ቲውተሪንግ ሴንተር ደግሞ ሁለት ልጆች አገኘሁ አንዱ አበሻ ነው አንዷ ኤልሳልቫዶራዊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ልንጀምር ነው።

ጋሼ አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት፣ ፈተናው ላይ የነበረች ናት። መሰላሉ 13 ፊት ነው፣ እግሩ ከግድግዳው 5 ፊት ሲርቅ በሴኮንድ 2 ፊት እየተንሸራተተ ነው፣ ጫፉ በምን ፍጥነት ይወርዳል ነው ሚለው። እኔ ቀድሜ 5ን አስገብቼ ቁመቱ 12 መሆኑን አገኘሁ፣ ከዛ ዴሪቬቲቭ ሳደርግ ዜሮ መጣብኝ። መልሱ ማይነስ 5/6 እንደሆነ አይቻለሁ፣ ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚለውጠው ነው ያልገባኝ።

መምህሩ_ከቨርጂኒያ፦

በርታ ልጄ፣ 71 ለመጀመሪያ ጥሩ ነው፣ የት እንደጎደለህም አውቀሃል።

5ን ቀድመህ ስታስገባ መሰላሉን አቆምከው ማለት ነው። 5 ቁጥር ነው፣ አይንቀሳቀስም፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ፍጥነት ደግሞ ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ሒሳቡ የመለሰልህ ለጠየቅከው ነው። መጀመሪያ እርቀቱንም ቁመቱንም በፊደል ተዋቸው፣ የሁለቱ ስኩዌር ድምር 169 ነው በል፣ ሁለቱም በጊዜ ውስጥ እየተለወጡ ሳሉ ዴሪቬቲቭ አድርግ፣ 5ን፣ 12ንና 2ን ከዛ በኋላ አስገባ፣ ማይነስ 5/6 ይመጣል። ማይነሱ ለምን እንደመጣ ግን እኔ አልነግርህም፣ ቅዳሜ ለሁለቱ ልጆች ሥዕል ስለህ አስረዳቸውና ምን እንዳሉህ እዚህ ጻፍልኝ።